ውሃ ልክ

ከመሰላሉ ላይ የወደቀች ዕለት
ሉባባ ስድስቷ፣ የሁለት ወር ጉድለት።
ሮቢት፣ ከሱቄ ደጅ፣ መጋዝ እየሳብኩ
ቋ ያለውን ነገር በእንጨት አሳበብኩ።
መሰላሉ የኔ፣ እርከኑ የላላ፣
ዛሬ ነገ እያልኩ አንድ ምስማር ያልበላ።

ወጌሻው ጋሽ እብሬ ቀርከሃ ሰንጥቆ
በቅቤ አለስልሶ አሰራት አጥብቆ፤
"ይገጥማል" አለኝ፤ አልዋሸም፣ ገጠመ፤
ግን ካንጓዋ በላይ ክንዷ ተጣመመ።
ባርባኛው ቀን ፈታን፤ ጦይባ አይታ ዝም።
እኔ ግን አናጢ፤ ጠማማ አላልፍም።

ሌሊት ተኝታ ሳለች፣ ስልኬን አብርቼ፣
ውሃ ልኬን ክንዷ ላይ ቀስ ብዬ አስተኝቼ
አየሁ፤ አረፋዋ ከመሃል ተነሥታ
ወደ ክርኗ ሮጠች፣ መቆሚያዋን ስታ።
እንጨት ቢጣመም ወይ መላጊያ ወይ እሳት፤
ልጅ አይላግ ነገር፣ በምን ላቃናት?

ጎረቤት መከረን፤ "እንደገና ይሰበር፤
ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ሰው ያያታል" ሲል ነበር።

ቦሩ ሜዳ ወሰድኳት፤ ጦሳ ጭጋግ ለብሷል፤
ሚኒባሱ ሙሉ ነው፣ ዘፈኑ ይጮኻል።
እጇን በእጅጌዋ ደብቃ ነበረ፤
ማን አስተማራት፣ ማፈር ከየት ጀመረ?

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የወረባቦ ልጅ፤
መብራት ሄዶበታል፤ ራጁን ይዞ ወደ ደጅ
ወጣና ለሰማዩ እንደ ደብዳቤ ሰጠው፤
ጭጋጉ ብርሃን ሆኖ አጥንቷን አሳየው።
"አዩዋት ይህችን መስመር፣ ካንጓዋ ሥር፣ ጥቁሯን?
ዕድገት እዚያች ውስጥ ነው፤ አልዘጋችም በሯን።
አንነካውም" አለ፤ "በጎደለው ይሞላል፣
በተረፈው በኩል ራሱን ይበላል።
እጇን ባጠፈች ቁጥር፣ ባነሣች፣ በጣለች፣
እሷው ናት አናጢው፤ ራሷን ትልጋለች።
ጎብጦ ነው ደግነቱ፤ ቢጠመዘዝማ
ዓመትም አይፈታው፣ ይኖራል ጠማማ።"
"ስንት ቀን?" አልኩት፣ የቀን ሠራተኛ አፌ።
"ሦስት ክረምት ይቁጠሩ" አለኝ። ወጣሁ አቅፌ።

መጠበቅ ለአናጢ!
እጄ መዶሻ ላይ፣ ዐይኔ ክንዷ ላይ።

ያንደኛው ክረምት ከጦሳ ወረደ፤
የሮቢትን ጭቃ አቡክቶ ሄደ።
ገመድ ዞረችበት፣ ባልዲ ሳበችበት፣
የዚያን መካሪ ልጅ በጥፊ መታችበት።
ጦይባ ለኢድ ቀሚስ እጅጌ ስትቆርጥ
ሁለቱን እኩል ነው፣ አንዱን አታስበልጥ፤
ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ አንድም ቀን አልለካች።
እኔ በየወሩ፣ ሌሊት፣ እንደ ሌባ፣
አረፋዋን ሳያት፣ የፀጉር ያህል ስትገባ።

በሦስተኛው ክረምት ነቅታ ያዘችኝ፤
"አባ፣ እኔ በር ነኝ?" ብላ ጠየቀችኝ።
መልስ አልነበረኝም።
ከሁለት ጭረት መሃል፣ እንደ ጠል ረግታ፣
ቆማለች አረፋ፣ ሩጫዋን ረስታ።

ሐኪሙ በራጁ ፈለገ፣ ፈለገ፤
ስብራቱን አጥንቷ ረስቶት አደገ።

እኔ ግን አርባ ዓመቴ፤ በሬ ተዘግቷል፤
ያ ቋ ያለው ነገር እንደ ጎበጠ ገጥሟል።
በጎደለው አይሞላ፣ በተረፈው አይበላ።

መሰላሉን መታሁት፣ በዚያው ሳምንት፣ ስድስት ምስማር።
ችንክር ብሏል፤ ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም።
ዛሬም ቆርቆሮ ልመታ ስወጣ
ያችን እርከን እዘላታለሁ።
ሉባባ ከታች ሆና እግሩን ትይዝልኛለች፤
በየትኛው እጇ እንደሆነ
ቁልቁል ካላየሁ አላውቅም።